የሦስት ቁጥር በር

ድምፁ ከድሬዳዋ ትራም ጋራዥ ሠራተኞች ጆሮ የወጣው በመጋቢት መጀመሪያ፣ ሰኞ ጠዋት ነበር። ማንም አልጨፈረም፤ ማንም አላለቀሰም። አሥራ አራቱ ሠራተኞች ተራ በተራ እየመጡ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህለውን ማዳመጫ ከነለስላሳ ጎማዋ ከጆሯቸው እያወጡ በር አጠገብ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ጣሉ። ከዚያም እዚያው ቆሙ። የሥራ መግቢያ ሰዓት አለፈ። ፀሐይዋ ከደጃፉ ተነሥታ እስከ መጀመሪያው ሐዲድ ድረስ ገባች። አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም።

«አሁን ምንድን ነው የምናደርገው?» አለ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሮብሌ፣ ድምፁ ይመጣ የነበረው ከዚያ ይመስል ወደ ጣሪያው አንጋጥጦ።



ድምፁ ለሃያ ዓመት ያህል አብሯቸው ኖሯል። ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሣቸው፣ የትኛው ወንበር ባዶ እንደሆነ የሚጠቁማቸው እሱ ነበር። «ሮብሌ፣ መሰላሉን አራት ቁጥር ጋ አቁመው።» «ዒፍቱ፣ መፍቻውን ለአው ሙክታር አቀብዪ።» ቀትር ላይ ሙቀቱ የከተማዋን በር ሁሉ ሲያዘጋ «አሁን ተኙ» ይላቸዋል፤ ይተኛሉ። ትሑት ድምፅ ነበር። አይቆጣም፣ አይደክመውም፣ ሰው አያማም። በክፉ አለቃ ሥር ያረጁ ሰዎች ድምፁ የመጣ ዕለት ተመስገን ብለው ነበር ይባላል።

ችግሩ የታወቀው ባለፈው ታኅሣሥ፣ በቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን ነው። ከየአቅጣጫው በባቡር የመጣው ምዕመን በድሬ ጎዳናዎች ሲፈስ፣ ድምፁ በሆነ ብልሽት ከቀትር እስከ ማታ ጠፋ። ጋራዡ ባለበት ቀጥ አለ። ሮብሌ አምፖል እንደያዘ መሰላል ላይ ቀረ። በሐረሪ ወግ ለክብራቸው «አው» የሚባሉት፣ ብረት በቶርኖ የሚቀርጹት አው ሙክታር፣ አንድ ብሎን ግማሽ ድረስ አጥብቀው እጃቸውን ሳያነሡ ዋሉ። ምዕመኑ ሻንጣውን ተሸክሞ በእግሩ ሄደ። በኋላ የካሜራው ምስል ሲታይ የተንቀሳቀሰች አንዲት ሴት ብቻ ተገኘች። ቀለም ቀቢዋ እታፈራሁ ነበረች። ብሩሿን አስቀምጣ፣ ወደ ቧንቧው ሄዳ፣ ውሃ ጠጥታ ተመልሳ ቆማለች።

አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ትልቅ ነገር አድርጎ ቆጠረው። ሙከራ ተወሰነ። ጋራዡ ያለ ድምፅ ይሠራል፤ ለውጡን እታፈራሁ ትመራለች። ግን ማዘዝ አይፈቀድላትም፤ መቅጣትም፣ መሸለምም እንደዚያው። ለሐምሌው ቁልቢ አሥራ ሁለቱም ትራሞች ሐዲድ ላይ ከዋሉ ድምፁ በወጣበት ይቀራል። ካልዋሉ ወደ ሁሉም ጆሮ ይመለሳል፤ በዚያው እስከ ጡረታ።

እታፈራሁ እንዲመለስ አልፈለገችም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። በዚያች ሰኞ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት በቆመበት ሰዓት፣ ጣሪያው ላይ ርግቦች እንዳሉ ሰማች። ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራቸው ቆማ ቀለም ስትቀባ አንድም ቀን ሰምታቸው አታውቅም። ከዚያ ስለ እህቷ አንድ ነገር ማሰብ ጀመረች፤ የሚያቋርጣት ስላልነበረ እስከ መጨረሻው አሰበችው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ይህን ያህል ደስ የሚል ነገር አገኛለሁ ብላ አልጠበቀችም ነበር።

«እትዬ፣ ምን ልሥራ?» አለቻት ዒፍቱ፣ በሮቹን የምትጠግነው ወጣት።

«አንቺ ምን መሰለሽ?»

«እኔማ ምን ይመስለኛል! አለቃዋ አንቺ።»

«አለቃ አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነሽ?»

«ውሃ የጠጣች ሴት ናት» አሉ አው ሙክታር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ይኸው ሆነ።

ስህተቱ የተፈጠረው በዚያው ሳምንት ነው። ጋራዡ ውስጥ አምስት የተበላሹ ትራሞች ቆመው ነበር። ሰባት ቁጥር ከእነሱ አንዱ አልነበረም፤ ጤነኛ ነው፤ ለመታጠብ ብቻ የገባ። እታፈራሁ ግን ሙቀቱ ሲበረታባት ሄዳ የምትቆመው በእሱ ጥላ ውስጥ ነበር። ረቡዕ ዕለት ቆማ ሳለ አንድ ዝንብ አስቸገራት፤ ራሷን ነቀነቀች። ወደ ቢሮ ሄዳ ስትመለስ በሮቹ ወርደዋል፣ ወንበሮቹ ተነቅለዋል፣ ሮብሌ ሽቦውን ከነሥሩ እየመዘዘው ነው።

«እንዴ! ሰባት ቁጥር ምን ሆነ?»

«እኛ ምን እናውቃለን» አለ ሮብሌ፣ ላቡን እየጠረገ። «አንቺ ነሽ ያልወደድሽው።»

«ማን አለ?»

«አየሽው፣ አየሽው፣ ከዚያ ራስሽን ነቀነቅሽ።»

«ዝንብ ነው!»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መፍቻቸውን አስቀምጠው፣ እሷ አሁን ወዴት እንደምታይ ማየት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዋ ከበዳት። ምሳዋን ሁለት ቁጥር አጠገብ ብትበላ ሁለት ቁጥር ይፈታል። አንገቷን ብታክክ የሚጽፍ ሰው አለ። እንዳያዩዋት ዕቃ ግምጃ ቤት ብትደበቅ፣ ተቆጥታለች ብለው ግቢውን በሙሉ ጠረጉት፤ ያልተጠየቁትን ግድግዳ አጠቡ። ከአምስቱ ትራሞች ግን አንዱም አልተሠራም። አሁን የቆሙት ስድስት ናቸው።

በሚያዝያ መጨረሻ የዋናው መሥሪያ ቤት ታዛቢ መጣ። ልዑልሰገድ ይባላል፤ ሸሚዙ ከነኮሌታው የተተኮሰ፣ ጨዋ ወጣት ነው። በጆሮው ማዳመጫ፣ በዓይኑ መነጽር አድርጓል። መነጽሩ ሰው ሁሉ ወዴት እንደሚያይ በብርሃን ክር እየሣለ ያሳያል።

«በጣም ግሩም ነው ወይዘሮ እታፈራሁ። እስኪ እርስዎም ይመልከቱት» ብሎ አጠለቀላት። ከአሥራ ሦስቱም ሰዎች ዓይን አንድ አንድ ክር ወጥቶ ደረቷ ላይ ተሰክቷል። «አንድ ክር እንኳን አልባከነም! እንዲህ ያለ መሪ በየትም ቅርንጫፍ አላየሁም።»

እታፈራሁ መነጽሩን ቀስ ብላ አወለቀችው። ድምፁ የትም አልሄደም ለካ። ከጆሯቸው ወጥቶ እሷ ውስጥ ነው የገባው።

በማግስቱ ምሳ ላይ ተነሥታ ቆመች። ሁሉም ማንኪያውን አቁሞ አያት።

«ስሙኝ እስቲ» አለች። «እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ስለ በር የማውቀው መክፈትና መዝጋት ነው። ስለ ሽቦ የማውቀው መንካት እንደሌለብኝ ነው። እኔን አይታችሁ ምንም አታገኙም። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ድምፁ አንድም ቀን አዟችሁ የማያውቅ፣ ሆኖም ባያችሁት ቁጥር እጃችሁን የሚበላችሁ ነገር የለም?»

አንዱ አሳለ። ሮብሌ ሩዙን መልሶ ማንኪያው ላይ አደረገ።

«የሦስት ቁጥር በር!» አለች ዒፍቱ በድንገት፤ እንዲህ ጮኻ የተናገረችው ራሷን ሳያስደነግጣት አልቀረም። «አቦ፣ በየፌርማታው እንደ ታረደ በግ ይጮሃል! እናቴ ወደ ቀፊራ ገበያ የምትሄደው በእሱ ነው። ‹ልጄ የትራም በር ትሠራለች ማለት ትቻለሁ፤ ሰው ይስቅብኛል› ትለኛለች። ስንት ዓመት!»

«ታዲያ ለምን አልሠራሽውም?»

«ለድምፁ ይህ ብልሽት አይደለማ። በሩ ይከፈታል፤ በሩ ይዘጋል። መጮኹ የማን ጉዳይ ነው!»

«አሁንስ?»

«ብቻዬን አይወርድም። ብዙ ሰው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሰው የምጠራው በምን ሥልጣን ነው?»

«በአያትሽ ሥልጣን» አሉ አው ሙክታር፣ አፋቸውን እየጠረጉ። «አያትሽ ማሽላዋ ሲደርስባት ሰው የምትጠራው ከየትኛው መሥሪያ ቤት አስፈቅዳ ነበር?»

«ጉዛ?» አለች ዒፍቱ፤ ሳቋ መጣ። ጉዛ የሐረርጌ ገበሬ ለደቦ የሰጠው ስም ነው። «ለትራም ጉዛ?»

«ምን ነውር አለው? ሕጉን ታውቂዋለሽ። ባለ ማሳው አያዝም፤ ያበላል። የመጣ መጣ፣ የቀረ ቀረ፤ ነገ እሱም በተራው ይጠራል።»

ዒፍቱ እታፈራሁን አየቻት። እታፈራሁ ግን ወደ ቧንቧው ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታ ውሃ ትጠጣ ነበር።

በበነጋው ዒፍቱ በዘይት የተጠበሰ የጥራጥሬ ባጂያ አንድ ሰፌድ ከነቃሪያው ተሸክማ መጣች። እናቷ ከንጋት ጀምሮ ስትጠብስ ነበር። ሽታው ከጋራዡ ጥግ ጥግ ደረሰ፤ ከዚያ ሰዎቹ መድረስ ጀመሩ። በሩን አወረዱት። የሚንከባለልበት ሐዲድ ተጣሞ ተገኘ፤ አው ሙክታር አዲስ የብረት መንኮራኩር በቶርኖ አወጡለት። ሲገጥሙት ጩኸቱ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም።

«ብረት በብረት ላይ ነዋ» አሉ። «በመሀሉ ለስላሳ ነገር ያስፈልገዋል። ትንንሽ ጎማ ብጤ።»

እታፈራሁ መብራት ይዛ ቆማ ነበር። ሌላ የምትችለው ሥራ አልነበረም።

«እትዬ» አለች ዒፍቱ ቀና ሳትል፣ «ብርሃኑን ሸፈንሽብኝ። ፈቀቅ በይ።»

እታፈራሁ ፈቀቅ አለች። በጋራዡ ውስጥ አንድ ሰው ምን ማድረግ እንዳለባት ሲነግራት የመጀመሪያው ነበር፤ ደስታዋ መብራቱን አንቀጠቀጠው፤ ለዚያም ተቆጧት።

በሳምንቱ ሦስት ቁጥር ሲወጣ በሩ ጭጭ አለ። ዘይት በዘይት ላይ የሚሄድ ይመስላል። በመጀመሪያው ቀን ግማሹ ተሳፋሪ ፌርማታው አለፈው፤ ለዓመታት ከእንቅልፉ የሚነቃው በዚያ ጩኸት ነበርና። የዒፍቱ እናትም ቀፊራን አልፋ መጨረሻ ድረስ ሄደች። በቁጣ ተመለሰች፤ በመንገድ ላይ ግን ላገኘችው ሁሉ ልጇ የትራም በር እንደምትሠራ ተናገረች።

«ጎማውን ከየት አመጣችሁት?» ብላ ጠየቀች እታፈራሁ።

«ከቤት» አለች ዒፍቱ። አው ሙክታር ጣሪያውን ያዩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀጣጠለ። ሮብሌ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ያለውን፣ ጣቱን ደጋግሞ የነዘረውን የሽቦ ሳጥን ለመቀየር ጉዛ ጠራ፤ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ አቀረበ። አው ሙክታር ለአራት ቁጥር ፍሬን ጠሩ። ሁልጊዜ ሰላም ነበር ማለት አይደለም። አንድ ሰኞ ሮብሌና ዒፍቱ ለአንድ ቀን ሁለት ጉዛ ጠሩ፤ ሁለቱም ሰፌዳቸውን ይዘው ደጃፉ ላይ ተፋጠጡ።

«እኔ ነኝ ቀድሜ የተናገርኩት!»

«ለማን? ለግድግዳው?»

«አቦ አንተ ልጅ፣ ባጂያው እኮ ይቀዘቅዛል!»

እታፈራሁ አፏን ከፈተች። አንድ ቃል ብትናገር በዚያው ያበቃል፤ ሁሉም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። አፏን ዘጋችና ውሃ ልትጠጣ ሄደች። ብዙ ቆይታ ስትመለስ ጠዋቱ የሮብሌ ሻይ፣ ከሰዓቱ የዒፍቱ ባጂያ ሆኖ፣ ሁለቱ አንድ መሰላል ላይ ወጥተው እየተሰዳደቡ ይሠሩ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ ከቆሙት አምስቱ ወጥተዋል። አንድ ብቻ ቀረ፤ አጥንቱ ብቻ የቀረው ሰባት ቁጥር። ለእሱ ጉዛ የጠራ የለም። የማንንም እጅ አይበላም፤ የማንም እናት አትሳፈርበትም። የእታፈራሁ ዝንብ ነው ያፈረሰው፤ ስለዚህ የእታፈራሁ ነው። ያለ እሱ ግን አሥራ ሁለት አይሞላም፤ አሥራ ሁለት ካልሞላ ድምፁ ይመለሳል።

ብዙ አሰበችበት። እሷ ብትጠራ ትእዛዝ መስሏቸው ቢመጡስ? ያ ከሆነ ትራሙ ይወጣል፣ እሷ ግን ድምፁ ሆና ትቀራለች። እንግዲያስ እንደ ማንም ሰው ጠርታ ማየት ነው ብላ ቆረጠች። ለንግሡ ሦስት ቀን ሲቀር ማካሮኒ ቀቅላ መጣች። የእጇን ሙያ ጋራዡ በሙሉ ያውቀዋል። ማካሮኒው ከሥር አርሮ ከላይ ተቦክቶ ነበር።

«ዛሬ የእኔ ጉዛ ነው» አለች፣ ድስቱን ሰባት ቁጥር አጠገብ አስቀምጣ። «ሰባት ቁጥርን ልሰበስበው እፈልጋለሁ። እንዴት እንደሚሰበሰብ አላውቅም።»

ማንም አልመጣም።

ዒፍቱ ለቅባት በገባው ሁለት ቁጥር ሥር ተኝታ ነበር፤ እግሯ ብቻ ይታያል። ሮብሌ እጁን አውለብልቦላት ወደ ሥራው ተመለሰ። እታፈራሁ ብቻዋን አንድ ወንበር አንሥታ፣ የት እንደሚገባ ሳታውቅ ይዛው ቆመች። ድምፁ ሊመለስ ነው፤ ርግቦቹን የምትሰማበት ጊዜ አብቅቷል ማለት ነው። ወዲያው ግን ሌላ ነገር ገባት፤ እምቢ ብለዋታል! እምቢ የማይባለው ድምፁ ነበር፤ እሷን እምቢ አሏት። ወንበሩን ታቅፋ ብቻዋን ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?» አሉ አው ሙክታር ከኋላዋ። «ወንበሩን እኮ ገልብጠሽ ነው የያዝሽው።»

ሽማግሌው ማካሮኒውን ቀምሰው ማንኪያውን በጥንቃቄ መለሱና ሥራ ጀመሩ። ከቀትሩ ዕረፍት በኋላ ዒፍቱ ዘይት እንደተቀባች መጣች። «አቦ የጀመርኩትን ጨርሼ ነዋ! ትራም ፈትቼ ጥዬ ልምጣልሽ?» ከዚያ ሮብሌ መጣ። «እኔ የመጣሁት ለማካሮኒው እንዳይመስልሽ» ሲል ጋራዡ በሳቅ ፈነዳ። አመሻሽ ላይ አሥራ ሦስቱም ነበሩ። ለሦስት ቀን የዘለቀ ጉዛ ሆነ፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ምግቡን ሌሎች አመጡ።

የንግሡ ዋዜማ ጠዋት ልዑልሰገድ ከአዲስ አበባ ባቡር ወርዶ በምዕመኑ መሀል እየተጋፋ ጋራዡ ደረሰ። አሥራ አንድ ትራሞች ነጭ የለበሰ ሰው ጭነው ከባቡር ጣቢያው ወደ ቁልቢ መንገድ መነሻ ይመላለሳሉ። አሥራ ሁለተኛው፣ ሰባት ቁጥር፣ ደጃፉ ላይ ለመውጣት ተሰናድቷል። መነጽሩን አጠለቀ። ክሮቹ እንደተበተነ የድር ልቃቂት ተወሳስበዋል፤ ከዒፍቱ ወደ ሮብሌ፣ ከሮብሌ ወደ ብሎኑ፣ ከአው ሙክታር ወደ ባጂያው። እታፈራሁ ላይ አንድም የለም።

«ወይዘሮ እታፈራሁ፣ ምን ተፈጠረ?» አለ በሐዘን። «ማንም አያይዎትም እኮ! ማን ነው የሚመራው?»

«አንተ!» አለችው ዒፍቱ ከትራሙ ውስጥ። ድሬዳዋ አንቱታ ከጥንትም አይበረክትላትም። «ዝም ብለህ ከምትቆም ይኼን መስታወት ጥረግልን። ጨርቁ ያውልህ።»

ልዑልሰገድ ዙሪያውን አየ፤ ሌላ «አንተ» አልነበረም። እጅጌውን ሰብስቦ መጥረግ ጀመረ። ባጂያም ሰጡት። መስታወቱ ሲያልቅ ግን ፊቱ ከበደው፤ ጣቱን ወደ ጆሮው ሰደደ።

«ችግር አለ» አለ። «ትራሞቹ ወጥተዋል፤ እሱ ጥሩ ነው። ነገር ግን መነጽሩ ‹መሪ አልታየም› ስለሚል ውጤቱ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድምፁ ከነገ ጀምሮ ይመለሳል። ለጊዜው ነው አሉ። ማዳመጫዎቹን ላድላችሁ።»

ሥራው ቆመ። እታፈራሁ ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዘመን እንደሚቆይ ታውቃለች። እንደ በድን ሄዳ፣ ከመጋቢት ጀምሮ ማንም ያላየውን ካርቶን ከመደርደሪያው ሥር ሳበችው። ቀለለባት። ከፈተችው።

ባዶ ነው።

ወደ አው ሙክታር ዞረች። ሽማግሌው ጣሪያውን ያያሉ። ወደ ሮብሌ ዞረች። እሱም ጣሪያውን ያያል። በዚህ መሀል ሦስት ቁጥር ከደጅ ባለው ፌርማታ ቆመ፤ በሩ ያለ አንዳች ኮሽታ ተከፈተ፤ ያለ ኮሽታ ተዘጋ።

«አሥራ አራቱም እዚያ በሩ ሐዲድ ውስጥ ናቸው» አለች ዒፍቱ፣ ዓይኗን ሰብራ። «ጎማቸው ልክክ አለልን። ድምፁን መመለስ ከፈለግህ እንግዲህ ለበሩ ንገረው።»

«ማን ፈቀደ?» አለ ልዑልሰገድ።

ማንም አልፈቀደም፤ ማንም አላዘዘም። እታፈራሁ መጀመሪያ ትከሻዋ፣ ቀጥሎ መላ ሰውነቷ በሳቅ ተንቀጠቀጠ፤ ካርቶኑን ደግፋ ቁጭ አለች።

«ሌላ ማዘዝ ይቻላል» አለ ታዛቢው፣ እሱም ሳቁን እየታገለ። «ግን ግዥ ክፍል ጨረታ አውጥቶ፣ ዕቃው መጥቶ... ቁልቢ ያልፋል። ምናልባትም የሚቀጥለው ቁልቢ። እስከዚያ ሰው ይረሳዋል። ‹ማዳመጫ አልተገኘም› ብዬ አሳውቃለሁ። እውነት ነው፤ አልተገኘም።»

ሰባት ቁጥር ደወለ። ሊወጣ ሲል በሩ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ አጭር ጩኸት፣ የግልገል ያህል። ዒፍቱ ጆሮዋን አቀናች። ከዚያ የልዑልሰገድን ጆሮ አየች። እጇን ዘረጋች።

«አንዲት ጎማ ብቻ ነው የጎደለን» አለች።

ልዑልሰገድ ወደ እጇ አየ፤ ወደ ትራሙ አየ። ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር ይነገረው ነበር፤ ለቅጽበት ያህል አዳመጠ። ከዚያ ማዳመጫዋን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። ዒፍቱ ሮጣ ሄደች። እሱ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ፤ ቀስ ብሎም ራሱን ዘንበል አደረገ።

«ጣሪያው ላይ ርግብ አለ እንዴ?» አለ።

«ሁሌም ነበሩ» አለችው እታፈራሁ።

ሰባት ቁጥር ጭጭ ብሎ ወጣ። እታፈራሁ ውሃ ልትጠጣ ሄደች። ማንም አልተከተላትም።